አዲስ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ፦ ከሳጥኑ ወጥቶ ለአደን እስኪበቃ ድረስ

ዘመናዊ ጠመንጃ የያዘ ሰው ጥይቱን ገዝቶ ያጎርሳል፣ ይተኩሳል። ባሩዱን የለካውም፣ አረሩን ከቀልሃው ጋር የገጠመውም ፋብሪካው ነው። በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ግን ፋብሪካው እናንተ ናችሁ። ባሩዱን የምትለኩት እናንተ፣ አረሩን የምትጠቀጥቁት እናንተ፣ ካፑን የምትሰኩት እናንተ። ስለዚህ "ጠመንጃዬ ኢላማ ይዟል" የሚለው አነጋገር እዚህ ጋ ሙሉ አይደለም። የያዘው በአንድ ዓይነት ባሩድ፣ በአንድ ልክ፣ በአንድ ዓይነት አረር ነው። አንዷ ስትቀየር ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታም ይቀየራል።

ሌላም አለ። አደን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምትተኩሱት አንዴ ብቻ ነው። እሱም ለሰዓታት ስትሸከሙት ከቆያችሁት፣ ከቀዘቀዘ ጠመንጃ። ሜዳ ላይ አሥር ጊዜ ተኩሳችሁ አሥረኛው መሃል ቢመታ ደስ ይላል፣ ግን እንስሳው ፊት የሚወጣው የመጀመሪያው ነው። እኔ ሙከራውን ሁሉ የማየው ከዚህ አንጻር ነው፦ ያ የመጀመሪያ ጥይት የት እንደሚያርፍ ማወቅ።

በቃላት እንግባባ። አፈሙዝ ስል ጫፉን ነው። ቱቦ ስል ጥይቱ የሚሄድበትን ርዝመት ሙሉ። የኋላ መድፈኛ ደግሞ ቱቦውን ከኋላ በኩል የሚዘጋው ትልቁ ብሎን ነው። ካፕ የምለው መምቻው ሲመታው እሳት የሚሰጠውን ትንሽ ቀልሃ ነው። በጎን መምቻ ባላቸው በድሮ ቅርጽ በተሠሩት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር 11 ካፕ ኒፕሉ ላይ ይቀመጣል፤ ኒፕል የካፑን እሳት ወደ ባሩዱ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ጡት መሳይ ብረት ነው። ማቀጣጠያቸው ከቱቦው ኋላ በቀጥታ መስመር በሚገኘው በዘመናዊዎቹ ላይ ደግሞ 209 የሚባለው የሾትገን ፕራይመር ይገባል።

ደረጃ 1፦ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ

ከሱቅ አሁን የወጣ ቢሆንም አረጋግጡ። ሁለተኛ እጅ ከሆነማ ምንም ጥያቄ የለውም፤ ጎርሶ ለዓመታት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ አለ።

መጠቅጠቂያ ዘንጉን እስከ ታች ድረስ ወደ ቱቦው አስገቡ። ከአፈሙዙ ጋር እኩል የሚሆንበትን ቦታ በጣታችሁ ያዙ። አውጡትና ከጠመንጃው ውጪ ጎን ለጎን አስተኙት። የዘንጉ ጫፍ ኒፕሉ ወይም የኋላ መድፈኛው አጠገብ መድረስ አለበት። ጥቂት ጣቶች ያህል ካጠረ ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በጠመንጃ ሠሪ እስኪታይ ድረስ ካፕ አታስጠጉት።

ባዶ ከሆነ ያንን ቦታ ዘንጉ ላይ በማይጠፋ ቀለም ምልክት አድርጉበት። ይህ "ባዶ" ምልክታችሁ ነው። በኋላ "የጎረሰ" የሚል ሁለተኛ ምልክት እንጨምርበታለን። ሁለቱ መስመሮች አብረዋችሁ ይኖራሉ።

ደረጃ 2፦ መመሪያውን አንብቡ፣ ባሩዱን ለዩ

መመሪያ ማንበብ ብዙዎች ይዘሉታል። እዚህ ጋ አትዝለሉት። ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ጠመንጃው የሚቀበለውን የባሩድ ዓይነት እና ከፍተኛውን የባሩድ ልክ። ብዙ ጊዜ ቱቦው ላይም ተቀርጿል።

ለዚህ ዓይነት ጠመንጃ የሚሆነው ጥቁር ባሩድ ወይም በእሱ ምትክ የተሠሩ ባሩዶች ናቸው። ለዘመናዊ ቀልሃ የሚሠራው ጭስ አልባ ባሩድ ፈጽሞ አይገባም። ትንሽም ቢሆን፣ ለሙከራም ቢሆን፣ ተቀላቅሎም ቢሆን። የሚፈጥረው ግፊት ሌላ ነው፤ ቱቦው ሊፈነዳ፣ እጅና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ከመያዣው ውጪ የተገኘ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ባሩድም ከዚህ እኩል ነው።

ጥቁር ባሩድ በግምት 75 በመቶ ጨው ፒተር (ፖታሲየም ናይትሬት)፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ ነው። ሲነድ ከክብደቱ ግማሽ የሚያህለው ወደ ጋዝ አይለወጥም፤ ጥቀርሻና ጭስ ሆኖ ይቀራል። ይህን ልብ በሉት። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ነገር ግማሹ የዚያ ጥቀርሻ ጉዳይ ነው።

ምትኮቹ እያንዳንዳቸው ጠባይ አላቸው። ፓይሮዴክስ ከጥቁር ባሩድ ጋር በስፍር እኩል ይለካል፣ በክብደት ግን ይቀላል። ትሪፕል ሰቨን በተመሳሳይ ስፍር ይበልጥ ኃይለኛ ስለሆነ በጥቁር ባሩድ ከተጻፈው ልክ ወደ 15 በመቶ ይቀነሳል። ብላክሆርን 209 ደግሞ ጠንካራ እሳት ስለሚፈልግ በቁጥር 11 ካፕ አይሠራም፤ የ209 ፕራይመር ይጠይቃል።

ባሩድ የሚለካው በሚዛን ሳይሆን በስፍር ነው። መስፈሪያው ላይ "ግሬን" ተብሎ፣ ማለትም በትንሿ የክብደት መለኪያ፣ ቢጻፍም የሚለካው ይዘትን ነው። ምትክ ባሩድን በሚዛን 100 ግሬን ብላችሁ ብትሞሉ ከሚገባው በላይ ትጨምራላችሁ። መስፈሪያውን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ሙሉ፣ ጎኑን አንድ ዓይነት መታ መታ አድርጉ፣ ከአፉ ላይ ጥረጉ። እጃችሁ አንድ ዓይነት ልማድ ሲይዝ ኢላማውም ይሰበሰባል።

ደረጃ 3፦ የፋብሪካውን ዘይት አስወግዱ

አዲስ ጠመንጃ ከዝገት እንዲጠበቅ ወፍራም ዘይት ወይም ቅባት ተቀብቶ ይመጣል። ያ ቅባት ባሩድ ያርሳል፣ የእሳቱን መንገድ ይዘጋል። ጠመንጃውን ፍቱት። ቱቦውን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ በእራፊ ጨርቅ እስኪደርቅ ወልውሉ። ኒፕሉን ወይም የኋላ መድፈኛውን አውጥታችሁ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ አጽዱ። ስትመልሱት የብሎኑን ጥርስ ሙቀት የሚችል ቅባት ቀቡት። ያለዚያ ከጥቂት ተኩስ በኋላ በጥቀርሻ ተጣብቆ አልፈታ ይላል።

ከዚያ ባዶውን ጠመንጃ ፈትኑ። መምቻውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ማቆሚያው ይይዛል? መጠበቂያው በርቶ ቃታው ሲሳብ ዝም ይላል? ሰደፉን ወፍራም ምንጣፍ ላይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፤ መምቻው ከወደቀ ጠመንጃው ወደ ሜዳ አይወጣም። ወደ ሻጩ ይመለሳል።

ደረጃ 4፦ ቴሌስኮፑን በደንብ እሰሩ

አዲስ ጠመንጃ "አልያዝ" ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የባሩዱ ሳይሆን የላላ ብሎን ነው። የቴሌስኮፑን (የማነጣጠሪያ መነጽሩን) መቀመጫ ብሎኖች ከዘይት አጽዱ፣ በአምራቹ በተጻፈው ጥብቀት እሰሩ። የቀለበቶቹን ብሎኖች አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ በየተራ በጥቂቱ እያጠበቃችሁ ዙሩ። ቴሌስኮፑ ከዓይናችሁ ቢያንስ 9 ሴንቲሜትር ይራቅ። ብዙ ባሩድ የጎረሰ ጠመንጃ ሲገፋ ቅንድብ ይሰነጥቃል።

የኋላ መድፈኛው የሚወጣ ከሆነ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስተኙ፣ መድፈኛውን አውጡ፣ በቱቦው ውስጥ ከኋላ አሻግራችሁ 25 ሜትር ላይ ያለውን ኢላማ ተመልከቱ። ኢላማው በቱቦው ክብ መሃል እንዲሆን ጠመንጃውን አስተካክሉ። ከዚያ ጠመንጃውን ሳትነኩ የቴሌስኮፑን መስቀል እዚያው ነጥብ ላይ አምጡት። ብዙ ባሩድና አረር ይቆጥባል።

ደረጃ 5፦ ለቱቦው የሚስማማ አረር

በቱቦው ውስጥ የተቀረጹት ጠመዝማዛ መስመሮች አረሩን ያሽከረክሩታል። አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር ስንት እርዝመት እንደሚፈጅ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ በኢንች። የአረሩን ምርጫ የሚወስነው ይህ ነው።

በ28 ኢንች አንድ ጊዜ የሚዞር፣ ማለትም በ71 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ፈጣን ነው። ረዘም ያሉ አረሮችንና ሳቦት የሚባለውን የፕላስቲክ ቀሚስ የለበሱትን ይወዳል። በ66 ኢንች የሚዞረው ዝግተኛ ሲሆን በእራፊ ለተጠቀለለ ክብ አረር የተሠራ ነው። በ48 ኢንች የሚዞረው መካከለኛ ነው፤ ሁለቱንም ይሞክራል፣ የቱን እንደሚመርጥ ግን ኢላማው ይነግራችኋል። ለፈጣን ቱቦ ክብ አረር ሰጥታችሁ በከፍተኛ ባሩድ ብትተኩሱ እንደ ዘር ቢበተን ጠመንጃውን አትውቀሱ።

በጣም የተለመደው የቱቦ ስፋት 0.50 ኢንች ነው፣ 12.7 ሚሊሜትር። ለእሱ ክብ አረር የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 0.490 ኢንች ስፋት ያለው ንጹሕ እርሳስ ይዞ ከ0.010 እስከ 0.018 ኢንች ውፍረት ባላቸው የጥጥ እራፊዎች ይሞክራል። እራፊው በቅባት ይታሻል።

ለመጀመሪያው ቀን ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት አረር ይበቃል። አሥር ዓይነት ይዞ መሄድ ግራ ያጋባል።

ደረጃ 6፦ አጎራረስ

ሜዳው ላይ ናችሁ። ከኢላማው ጀርባ ከፍ ያለ የአፈር ቁልል አለ። የዓይን መነጽር አድርጋችኋል፣ ጆሯችሁን ሸፍናችኋል። ከጎናችሁ የቆመ ሰው ካለ ወደ ኋላ ይውጣ፤ ከካፑና ከእሳት ቀዳዳው ፍንጣሪ ወደ ጎን ይወጣል። ባልጩት በሚመታው ጠመንጃ ደግሞ ይብሳል። ሲጋራ የለም። የባሩዱ ዕቃ ተከድኖ ከጠመንጃው ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

መጀመሪያ ሳታጎርሱ ሁለት ካፕ ተኩሱ። በቀዳዳው ውስጥ የቀረ ዘይት ይቃጠላል። በሁለተኛው ላይ አፈሙዙን ወደ መሬት አዘንብላችሁ ሣር ፊት አቅርቡት። ሣሩ ከተንቀሳቀሰ የእሳቱ መንገድ ክፍት ነው። ካልተንቀሳቀሰ እንደገና አጽዱ። ከዚያ ደረቅ እራፊ አስገብታችሁ ወልውሉ።

አሁን አጉርሱ። ሰደፉን መሬት ላይ አቁሙ፣ አፈሙዙ ከፊታችሁ ወደ ውጪ ያዘንብል። ባሩዱን ወደ መስፈሪያው ቅዱ፣ ከመስፈሪያው ወደ ቱቦው አፍስሱ። ከባሩድ ዕቃው በቀጥታ ወደ ቱቦው ማፍሰስ ክልክል ነው። ታች የቀረች አንዲት ፍም ካለች በመስፈሪያው ያለውን ብቻ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ያለውን ዕቃ ሙሉ ታቀጣጥላለች። በቱቦው ላይ ጎንበስ ብሎ ማየትም፣ ፊትን ማስጠጋትም የለም።

የቱቦውን ጎን በእጅ መታ መታ አድርጉት፣ ባሩዱ እንዲረጋ። አረሩን አፈሙዙ ላይ አስቀምጡ፣ በአጭሩ መግፊያ አስጀምሩት፣ ከዚያ በረጅሙ ዘንግ ግፉት። ዘንጉን ከአፈሙዙ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብላችሁ እየያዛችሁ በአጭር በአጭሩ ግፉ። ከላይ ይዞ በአንድ ጊዜ የሚገፋ ሰው ዘንጉን ይሰብራል፣ የተሰበረው እንጨት መዳፉን ይበሳዋል።

አረሩ ባሩዱ ላይ በሙሉ መቀመጥ አለበት። ይህ የደህንነት ጉዳይ ነው። በአረሩና በባሩዱ መካከል ክፍተት ከቀረ አረሩ እንደ ውታፍ ይሆናል፣ ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። በሌላ በኩል ዘንጉን እያነሱ መውቀጥም አያስፈልግም፤ አረሩን ያበላሻል። በእኩል ጉልበት ተጫኑትና በቃ። የመጀመሪያው አረር በትክክል ሲቀመጥ ዘንጉ ላይ "የጎረሰ" የሚለውን ሁለተኛውን ምልክት አድርጉ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ተኩስ ዘንጉ እዚያ ምልክት ላይ መድረሱን እዩ። ከምልክቱ ከፍ ካለ አረሩ አልደረሰም ወይም ባሩዱ ሁለት ጊዜ ገብቷል። ዝቅ ካለ ባሩዱ ጎድሏል።

ካፑ መጨረሻ ነው። ጠመንጃው ከረጢቱ ላይ ተኝቶ፣ አፈሙዙ ወደ ኢላማው ዞሮ፣ ዘንጉ ከቱቦው መውጣቱን አይታችሁ።

ደረጃ 7፦ 25 ሜትር፣ 50 ሜትር፣ 100 ሜትር

በ100 ሜትር አትጀምሩ። ወረቀቱን ካልመታችሁ የት እንደሄደ አታውቁም። ትልቅ ወረቀት 25 ሜትር ላይ ስቀሉ። ከረጢቱ ላይ የሚያርፈው የፊተኛው እንጨት ይሁን እንጂ ቱቦው አይሁን። ቱቦው ከነካ ጠመንጃው ከፍ አድርጎ ይመታል።

ባሩዱን ከመመሪያው ዝቅተኛ ልክ ጀምሩ። ለ0.50 ጠመንጃ በልቅ (በእንክብል ባልተጋገረ) ጥቁር ባሩድ 70 ግሬን ብዙ ጊዜ የሚበጅ መነሻ ነው፣ መመሪያችሁ ከፈቀደ። ቃታውን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ከሳባችሁ በኋላም ዓይናችሁን ከኢላማው አታንሱ፤ በእነዚህ ጠመንጃዎች ከቃታው እስከ አረሩ መውጣት ያለው ጊዜ ከዘመናዊው ይረዝማል። ጭሱ ውስጥ ለማየት አንገት ቀና የሚያደርግ ሰው ጥይቱንም አብሮ ያነሳዋል።

አንድ ጥይት አይታችሁ አታስተካክሉ። ሦስት ተኩሱ። የሦስቱን መሃል ፈልጉ። ከዚያ ነው ቴሌስኮፑ የሚነካው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በብዙ ቴሌስኮፖች አንድ ጠቅታ ሩብ ኤም ኦ ኤ ነው፤ ኤም ኦ ኤ የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ የሆነ የማዕዘን መለኪያ ነው። ይህ 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊሜትር ገደማ ያንቀሳቅሳል፣ 50 ሜትር ላይ 3.6፣ 25 ሜትር ላይ 1.8። ስለዚህ 25 ሜትር ላይ 9 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ከመታ ወደ 50 ጠቅታ ወደ ላይ። ብዙ ይመስላል፣ ልክ ግን ነው። አዳዲሶች 25 ሜትር ላይ አምስት ጠቅታ አዙረው "ቴሌስኮፑ አይሠራም" የሚሉት ለዚህ ነው።

ቴሌስኮፕ ከሌለ ሕጉ ይህ ነው፦ የኋላውን ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት ውሰዱ፤ የፊቱን ደግሞ በተቃራኒው። መጠኑን ለማወቅ ስህተቱን በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ባለው ርቀት አባዙ፣ ለኢላማው ርቀት አካፍሉ። ማነጣጠሪያዎቹ 60 ሴንቲሜትር ቢራራቁና 50 ሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር ወደ ግራ ቢመታ፣ የኋላውን ወደ ቀኝ 1.2 ሚሊሜትር ማንቀሳቀስ ነው። የፊቱን በሞረድ የምትሞርዱ ከሆነ በትንሹ፣ እየተኮሳችሁ። የተሞረደ አይመለስም።

25 ሜትር ላይ መሃል ሲገባ ወደ 50 ሂዱ፣ ከዚያ ወደ 100። ሳቦት የለበሰ አረር በ550 ሜትር በሰከንድ ገደማ ከወጣ 100 ሜትር ላይ መሃል እንዲመታ ሲስተካከል 50 ሜትር ላይ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። 150 ሜትር ላይ ግን ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ይወርዳል። ክብ አረር ከዚህም ቶሎ ይደክማል፤ 100 ሜትር ሲደርስ ፍጥነቱ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ ለክብ አረር ኢላማውን 50 ሜትር ላይ አስይዙና ርቀታችሁን በዚያ ወስኑ።

ደረጃ 8፦ የሚስማማውን ልክ መፈለግ

እዚህ ጋ ትዕግሥት ይፈለጋል፣ እኔም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ጠመንጃው የሚመርጠውን ይነግራችኋል፣ ከሰማችሁት።

መርሁ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። በ70 ግሬን ሦስት ተኩሱ፣ ወረቀቱ ላይ ጻፉበት። በ75 ሦስት። በ80 ሦስት። እያለ እስከ መመሪያው ጣሪያ። አረሩ፣ ካፑ፣ እራፊው፣ የመጫኛ ጉልበቱ አይቀየሩም። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ስትዘረጉ አንዱ ላይ ቀዳዳዎቹ ተሰብስበው ታያላችሁ። ብዙውን ጊዜ ያ ልክ ከጣሪያው በታች ነው። ብዙ ባሩድ ብዙ ጭስና ብዙ ግፊት ነው እንጂ የተሻለ ኢላማ አይደለም። እንክብል ባሩድ ከሆነ ግን ይህን ያህል ማስተካከል አይቻልም። አንዱ ብዙ ጊዜ 50 ግሬን ስለሆነ ከ100 ወደ 150 መዝለል ይሆናል። ለዚህ ነው ለሙከራ ልቅ ባሩድ የምመርጠው።

በየተኩሱ መካከል ቱቦውን ወልውሉ። አንድ እርጥብ እራፊ ወደ ታችና ወደ ላይ፣ ከዚያ አንድ ደረቅ። እርጥቡ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ፍም ያጠፋል፣ ጥቀርሻ ያወጣል። እንዲንጠባጠብ አድርጋችሁ አታርጥቡት፣ ውሃው ወደ እሳት ቀዳዳው ይወርዳል። ትሪፕል ሰቨንን በ209 ፕራይመር የሚተኩስ ሰው ባሩዱ ከነበረበት ትንሽ ከፍ ብሎ የጠነከረ የጥቀርሻ ቀለበት ያገኛል። አረሩ እዚያ ሲደርስ ይይዛል። ያንን አልፎ ሳይቀመጥ የቀረ አረር አደገኛ ስለሆነ የዘንጉን ምልክት እዩ ያልኩት ለዚህም ነው።

የተተኮሰውን እራፊ ፈልጋችሁ አንሱ። ክብ አረር ተኩሳችሁ ከሆነ ከአፈሙዙ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ ወድቆ ታገኙታላችሁ። ጠርዙ ተበጣጥሶ መሃሉ ጥቁር ክብ ብቻ ከሆነ ደህና ነው። መሃሉ ተቃጥሎ ከተበሳ እራፊው ሳስቷል ወይም ቅባቱ አንሷል። በመስመር በመስመር ከተቆረጠ አዲሱ ቱቦ ውስጥ ያሉት መስመሮች ጠርዛቸው ስለታም ነው፤ ጥቂት ደርዘን ተኩስ ብዙ ጊዜ ያለዝበዋል። ለሳቦት ደግሞ የፕላስቲኩን ቅጠሎች እዩ። እኩል ወደ ኋላ ከተከፈቱ ጥሩ። አንዱ ከተገነጠለ ወይም ከቀለጠ ባሩዱን ቀንሱ ወይም ሌላ ሳቦት ሞክሩ።

በየሦስት ተኩሱ ቱቦው ይቀዝቅዝ። በእጅ ይዛችሁት የሚያቃጥል ከሆነ ሳቦቱንም ያለሰልሰዋል።

ቢከሽፍስ?

ካፑ ፈንድቶ ጠመንጃው ዝም ካለ አፈሙዙን ከኢላማው አታንሱ። እሳቱ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። እኔ ሁለት እጠብቃለሁ። ከዚያ ካፑን ቀይራችሁ እንደገና ሞክሩ። አሁንም ዝም ካለ ካፑን አንስታችሁ ቀዳዳውን በሽቦ አጽዱ፣ እንደገና ሞክሩ።

ባሩድ ሳይገባ አረር ብቻ ከጎረሰ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚያስወጣ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ከኋላ ገፍቶ ያወጣዋል። አፈሙዙ ያኔም ወደ አፈር ቁልሉ ይዙር። አረር በሚስበው ብሎን ለማውጣት ከሆነ ባሩድ አለመኖሩን እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትሞክሩት። ወደ ጠመንጃ ሠሪ ስትወስዱት መጉረሱን ንገሩት፣ ካፑ ይነሳ።

ደረጃ 9፦ የቀዝቃዛው ጥይት ፈተና

ልኩ ተገኘ፣ ኢላማው ተያዘ። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ።

አንድ ጠመንጃ ነበረኝ፣ ሜዳ ላይ ሦስቱን ጥይት በአንድ መዳፍ ውስጥ የሚያስገባ። የመጀመሪያው ብቻ ሁልጊዜ ለብቻው ወደ ግራ ይወጣ ነበር። ለረጅም ጊዜ "እሱ የእጅ ስህተት ነው" እያልኩ ከሒሳብ አወጣሁት። ጥፋቱ ከውልወላ በኋላ በቱቦው ውስጥ የምተወው ዘይት ነበር። አደን ላይ ያቺ የተጣለችው ጥይት ናት የምትተኮሰው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ጠመንጃውን ለአደን እንደምታዘጋጁት አዘጋጁ። ዘይቱን አልኮል በነካ እራፊ አውጡ፣ በደረቅ እራፊ ጨርሱ፣ ካፕ ወይም ፕራይመር ብቻ ተኩሳችሁ ቀዳዳውን አድርቁ፣ አጉርሱ፣ አንድ ጥይት ተኩሱ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ወልውሉት፣ ይቀዝቅዝ። በሌላ ቀን እንደዚሁ አንድ ጥይት፣ እዚያው ወረቀት ላይ። አምስት ቀዝቃዛ ጥይት እስኪሞላ። ያ ወረቀት እውነተኛው ኢላማችሁ ነው። መሃሉ ከሌላው ስብስብ ከራቀ ቴሌስኮፑን የምታስተካክሉት በቀዝቃዛዎቹ ነው።

አንዱን ቀን ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ ጠዋት አጉርሱት፣ ካፑን ሳትሰኩ ለሰዓታት ይቆይ፣ ከዚያ ተኩሱ። አደን ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ከዘገየ ወይም ከከሸፈ ውስጡ እርጥበት ወይም ዘይት አለ። የጎረሰ ጠመንጃ ግን ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና አይገባም፤ የአፈር ቁልሉ ላይ ተኩሳችሁ ባዶ አድርጉት።

በመጨረሻ ከከረጢቱ ውጡ። ተንበርክካችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ዛፍ ተደግፋችሁ ተኩሱ። 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ስቀሉ፤ የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። አምስቱም ጥይት ክቡ ውስጥ የሚገቡበት ትልቁ ርቀት የአደን ርቀታችሁ ነው። ከረጢት ላይ 100 ሜትር የሚመታ ሰው በዚህ አኳኋን 60 ሜትር ቢሆንበት፣ ርቀቱ 60 ነው።

ደረጃ 10፦ በዚያው ቀን እጠቡት

ጥቀርሻው እርጥበት ከአየር ይስባል፣ ብረት ይበላል። ለነገ አይባልም። ለጥቁር ባሩድና ለአብዛኞቹ ምትኮች ሙቅ ውሃና ሳሙና ይበቃል። ብላክሆርን 209 ግን የዘመናዊ ጠመንጃ ማጽጃ ይፈልጋል። ኒፕሉን ወይም መድፈኛውን አውጡ፣ ቱቦውን እራፊው ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ወልውሉ፣ አድርቁ፣ በስሱ ዘይት ቀቡ። በማግሥቱ አንድ እራፊ አስገቡ። ቡናማ ሆኖ ከወጣ ዝገቱ ጀምሯል፣ እንደገና ወልውሉ። እርሳስ የነካ እጅ ምግብ ከመንካቱ በፊት ይታጠብ።

ከዚያ አንድ ካርድ ጻፉ። የባሩዱ ዓይነትና ልክ፣ የአረሩ ዓይነትና ክብደት፣ የእራፊው ውፍረት ወይም የሳቦቱ ቀለም፣ የካፑ ዓይነት፣ በ50 እና በ100 ሜትር የት እንደሚመታ፣ ቀዝቃዛው ጥይት የት እንዳረፈ፣ ቀኑ። ካርዱን ከመስፈሪያው ጋር እሰሩት። አዲስ የባሩድ ዕቃ ስትከፍቱ፣ ያው ዓይነት ቢሆንም፣ ሦስት ጥይት ተኩሳችሁ ከካርዱ ጋር አስተያዩት።